ክሮቶዋ፤ በሁለት ወገን መካከል የቆመች አስተርጓሚ

በጀርሚስተንና በአካባቢዋ የምንኖር ስደተኞች ብዙዎቻችን ወደዚህ አገር የገባንበት የአውሮፕላን ማረፊያ፣ ዛሬ ኦሊቨር ታምቦ ቢባልም፣ እስከ 1994 ድረስ በጄኔራል ያን ስመትስ ስም ይጠራ ነበር። በ1886 በዚህ ምድር ወርቅ ተገኝቶ ጀርሚስተን ስትቆረቆር የአገሩ ፕሬዚዳንት ፖል ክሩገር ነበሩ፤ ከተማዪቱ ግን ስሟን የወረሰችው ጆን ጃክ የተባለው ወርቅ ፈላጊ ከተወለደበት የስኮትላንድ የእርሻ ቦታ ነው። የሰፋሪዎችን የዘር ሐረግ የመረመሩ ሰዎች ክሩገርንም ስመትስንም ከአንዲት የኮይኮይ ሴት ዘር ይቆጥሯቸዋል። በዚህ እትም የምናወሳው የእርሷን ታሪክ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሆላንድ የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ሹም ያን ቫን ሪቤክ በሚያዝያ 1652 ኬፕ ሲደርስ፣ ክሮቶዋ ዐሥር ዓመት ያህል የሆናት ልጅ ነበረች። በሹሙ ቤት ገብታ በአገልግሎት አደገች፤ ኤቫ፣ ማለትም ሔዋን፣ ብለውም ጠሯት። የሆላንድንና የፖርቱጋልን ቋንቋ አጥርታ ተማረች። አጎቷ አውትሹማቶም ከእርሷ በፊት እንግሊዞች ወደ ጃቫ ወስደውት ቋንቋቸውን የለመደ ሰው ስለ ነበረ፣ ማስተርጐም ለቤተ ሰቡ እንግዳ ሥራ አልነበረም።

ልጆቻችን በየመሥሪያ ቤቱ ከአጠገባችን ቆመው ሲያስተረጕሙልን የምናይ ወላጆች፣ የዚህች ልጅ ነገር ቶሎ ይገባናል። ልጅ የአዋቂ ነገር ይሰማል፤ የሰማውንም ለሁለቱም ወገን ማድረስ ግድ ይሆንበታል። ክሮቶዋ ወደ ዘመዶቿ ስትሄድ የሆላንድ ልብሷን አውልቃ ቆዳ ትለብስ፣ ወደ ምሽጉ ስትመለስ ደግሞ መልሳ ትቀይር ነበር። እኅቷ የኮቾኳ ነገድ አለቃ የኦዳሶዋ ሚስት ስለ ነበረች፣ ኩባንያው ከብት የሚገዛበትን መንገድ በእርሷ በኩል አገኘ። ዶማን የተባለው ሌላው አስተርጓሚ ግን ለነጮች አድራለች እያለ ይከሳት ነበር። አጎቷም በ1658 ወደ ሮበን ደሴት ተጋዘ፤ በማግሥቱ ዓመት ዶማን የመራው ጦርነት ተነሣ።

ቫን ሪቤክ ኬፕን ሊለቅ ሲል፣ በግንቦት 1662፣ ተጠመቀች። በ1664 ፒተር ቫን ሜርሆፍ የተባለውን የዴንማርክ ተወላጅ ሐኪም አገባች። በኬፕ በክርስቲያን ሥርዐት አውሮፓዊ ከኮይኮይ ሴት ጋር ሲጋባ የተመዘገበው ይህ የመጀመሪያው ነው። ባልዋ በሮበን ደሴት ላይ ተሹሞ አብረው ኖሩ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ማዳጋስካር ተልኮ በዚያው ተገደለ።

ከዚያ ወዲህ ያለው መራራ ነው። መጠጥ ለመደች፤ በ1669 ልጆቿን ወሰዱባት፤ እርሷንም ባል ወደ ተሾመበት ደሴት በግዞት መለሷት። ይህ ኋላ ኔልሰን ማንዴላ የታሰሩበት ደሴት ነው። ሐምሌ 29 ቀን 1674 ዐረፈች፤ በማግሥቱም በምሽጉ ውስጥ ባለው ቤተ ክርስቲያን ተቀበረች። በኩባንያው የቀን መዝገብ በዚያን ዕለት የተጻፈባት ቃል እጅግ የከፋ ነው። እኛ ግን ያን ቃል የጻፉት ያጋዟት ሰዎች መሆናቸውን አንዘነጋም፤ በራሷ እጅ የተጻፈ አንድ መስመር እንኳ አልቀረልንም።

ልጆቿ ፒተርኔላና ሰሎሞን በ1677 ወደ ሞሪሸስ ተወሰዱ። ፒተርኔላ በዚያ ዳንኤል ዛይማን የተባለውን ሆላንዳዊ አግብታ ስምንት ልጆች ወለደች፤ በ1709 ወደ ኬፕ ተመለሱ። ብዙ የሰፋሪ ቤተ ሰቦች ሐረግ ከእነዚህ ልጆች ይመዘዛል። ይሁን እንጂ በ1949 የወጣው የአፓርታይድ ሕግ የክሮቶዋን የመሰለ ጋብቻ ከለከለ፤ የ1950ው ሕግም ሰውን ሁሉ በዘር መድቦ መዘገበ። በዚያ ዘመን ስሟን ከቤተ ሰብ ታሪክ መካከል ማንሣት ለብዙዎች የሚያስፈራ ነገር ነበር።

ፒተርኔላ ግን ከሴት ልጆቿ አንዷን ኤቫ ብላ ሰይማት ነበር።