የአድሚራል ግሬስ ሆፐር አጭር የሕይወት ታሪክ

ታላላቅ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚመሰገኑት በጦር ሜዳ ባገኙት ድል ወይም በሠሩት ሕንጻ ነው። እኔ ግን በዘንድሮው መጽሔታችን ላይ የምጽፈው የማሽንን ስሕተት በትዕግሥት በመፈለግና ሌላውንም በማስተማር ስለ ታወቁት አሜሪካዊት፥ ስለ ግሬስ ሆፐር ነው። ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ግሬስ ሆፐር ዲሴምበር 9 ቀን 1906 በኒውዮርክ ከተማ ተወለዱ። የሰባት ዓመት ልጅ ሳሉ የሚደውል ሰዓት እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ ፈልገው በቤት የነበሩትን ሰባት ሰዓቶች አንድ በአንድ ፈታቷቸው። እናታቸውም ነገሩን ባወቁ ጊዜ ከዚያ ወዲያ አንዱን ሰዓት ብቻ እንዲፈቱ ፈቀዱላቸው። በ16 ዓመታቸው ቫሳር ወደሚባለው ኮሌጅ ለመግባት ቢያመለክቱ በላቲን ቋንቋ ያገኙት ውጤት ዝቅተኛ በመሆኑ ሳይቀበሏቸው ቀሩ። እሳቸው ግን ተስፋ ሳይቆርጡ በሚቀጥለው ዓመት ገቡ፤ በ1928 ተመረቁ፤ በ1934 ከየል ዩኒቨርሲቲ በሒሳብ ትምህርት የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበሉ። በዚህ ዓመት ለፈተና የምንቀመጥ ሁሉ ይህን ብናስታውስ መልካም ነው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ በቫሳር መምህርት ነበሩ። ወደ ባሕር ኃይል ለመግባት ቢጠይቁ ዕድሜያቸው አልፏል፥ ክብደታቸውም ያንሳል ተባሉ። ቢሆንም በልዩ ፈቃድ በ1943 ገቡ፤ በ1944 ማርክ አንድ ወደ ተባለው የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ማሽን ተላኩ። ማሽኑ 15 ሜትር ያህል ርዝመት ነበረው። እሳቸውም አሠራሩን መርምረው ከ500 ገጽ በላይ የሆነ መምሪያ መጽሐፍ አዘጋጁለት።

ከዚያ በኋላ በተሠራው በማርክ ሁለት ላይ ሴፕቴምበር 9 ቀን 1947 አንድ እንግዳ ነገር ሆነ። ማሽኑ ሲሳሳት ሠራተኞቹ ክፍሉን ሁሉ ፈትሸው ከኤሌክትሪክ ማገናኛዎቹ በአንዱ ውስጥ አንዲት የእሳት ራት ገብታ አገኙ። አውጥተውም ሰዓቱንና ቦታውን ጽፈው በመዝገቡ ገጽ ላይ ለጠፏት። ብዙ ሰው ያገኟት ሆፐር ራሳቸው ናቸው ይላል፤ ያገኟት ግን የሥራ ጓደኞቻቸው ሲሆኑ እሳቸው ታሪኩን በየጉባኤው እየነገሩ በዓለም ላይ እንዲታወቅ አደረጉ። የማሽንን ጉድለት በእንግሊዝኛ ባግ፥ ማለት ትንሽ ነፍሳት፥ ብሎ መጥራት ግን ከዚያ በፊት በኤዲሰን ዘመንም ነበረ። መዝገቡ ዛሬም በዋሽንግተን በስሚዝሶንያን ሙዚየም ይገኛል።

እኔ ከዚህ ታሪክ የማደንቀው ነፍሳቷን ሳይሆን መዝገቡን ነው። ሊኑክስ በተባለው፥ ማንም ሰው አሠራሩን ከፍቶ ሊያየውና ሊያሻሽለው በሚችለው ሥርዓት የሚሠሩ ኮምፒዩተሮችም እንዲሁ የሆነውን ሁሉ በመዝገብ ይጽፋሉ። እዚህ ወልቂጤ የምንማርበት አንድ ላፕቶፕ ታችፓዱ፥ ማለት በጣት እየዳሰስን ቀስቷን የምናንቀሳቅስበት ሰሌዳ፥ እምቢ ስላለ ተበላሽቷል ተብሎ መጋዘን ሊገባ ነበር። አንዱ እንደገና ሥርዓቱን እንጫን አለ፤ ሌላው ይፈታ አለ። ነገር ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና አንድ በአንድ መመርመር ጀመርን። በመጀመሪያ ሌላ ማውስ ሰካንበት፤ ቀስቷም ተንቀሳቀሰች። ስለዚህ ጉድለቱ በታችፓዱ ወይም በሚያሠራው ድራይቨር በኩል እንጂ በሌላ እንዳልሆነ ተረዳን። ቀጥለን ታችፓዱን የሚዘጋውን ቁልፍ ተጫንን፤ በማስተካከያውም ገጽ መከፈቱን አየን፤ ለውጥ አልመጣም። በሦስተኛው ተርሚናል ከፍተን ዲሜስግ በሚባለው ትእዛዝ መዝገቡን አነበብን። ማሽኑ ሲነሣ የታችፓዱ ስም ተጽፎ ስለ ተገኘ ሽቦው እንዳልተቆረጠ ገመትን፤ ችግሩ የመጣው ክዳኑ ተዘግቶ ማሽኑ ከተኛ በኋላ ነበር። በመጨረሻ ፒኤስማውስ የተባለውን ድራይቨር ሞድፕሮብ በሚባለው ትእዛዝ አውጥተን መልሰን ብናስገባው ታችፓዱ ሠራ። በአዳዲስ ላፕቶፖች ድራይቨሩ ሌላ ሊሆን ስለሚችል አስቀድሞ ስሙን ከመዝገቡ ማንበብ ያስፈልጋል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥና ውጤቱን መጻፍም ግድ ነው፤ አለዚያ ያዳነው መድኃኒት የትኛው እንደሆነ አይታወቅም።

ወደ ሆፐር ታሪክ ልመለስ። በ1952 የሰውን ትእዛዝ ወደ ማሽን ቁጥር የሚመልስ ኮምፓይለር የሚባል ፕሮግራም አዘጋጁ። ቀጥለውም ኮምፒዩተር በቁጥር ብቻ ሳይሆን በተለመደ ቃል መታዘዝ ይችላል ብለው ተነሡ። የማሽኑ ፊደል ምልክት ብቻ ነውና ትእዛዙ በፈረንሳይኛም በጀርመንኛም ሊሆን እንደሚችል ሠርተው ቢያሳዩ አለቆቻቸው ደነገጡ። እሳቸው ግን ሥራቸውን አልተዉም፤ ኮቦል የተባለው ታዋቂ የኮምፒዩተር ቋንቋ ከ1959 ጀምሮ ሲዘጋጅ በይበልጥ የተመሠረተው በሥራቸው ላይ ነው። በአገራችን ፊደል በኮምፒዩተር የምንጽፍ እኛ የዚህን አሳብ ትርጉም ከማንም ይልቅ እንረዳዋለን።

በ1966 ጡረታ ቢወጡም ባሕር ኃይሉ በሚቀጥለው ዓመት መልሶ ጠራቸው። በንግግራቸው ጊዜ 30 ሴንቲ ሜትር የሚያህል ሽቦ ለተማሪዎች እያደሉ፥ ኤሌክትሪክ በሴኮንድ ቢሊዮንኛ ክፍል ከዚያ የበለጠ ሊሄድ እንደማይችል ያስረዱ ነበር። በ1986 በ79 ዓመታቸው በአድሚራልነት ማዕርግ ተሰናበቱ፤ ጃንዋሪ 1 ቀን 1992፥ ሊኑክስ ለዓለም ከተገለጠ ጥቂት ወራት በኋላ፥ ዐረፉ።

ውድ አንባብያን ሆይ! የተበላሸ የሚመስለን ዕቃ ሁሉ የሞተ አይደለም። በየትምህርት ቤቱ መጋዘን አቧራ ለብሰው የተቀመጡት ኮምፒዩተሮች ስንቶቹ መዝገባቸውን የሚያነብላቸው አጥተው ይሆን? ሥራ ለሠሪው እሾህ ላጣሪው እንዲሉ፥ መርምሮ ማንበብን የለመደ ተማሪ ለራሱም ለአገሩም ይጠቅማል።