ኢላማ የማይስተው፣ ጭቃ የማይችለው ጠመንጃ

ሚያዝያ 1915፣ ቤልጂየም፣ ኢፕር ከተማ አጠገብ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።) ጀርመኖች የክሎሪን ጋዝ ለቀዋል። አንድ የካናዳ ወታደር እያሳለ ይተኩሳል። ትንሽ እንደተኮሰ ጠመንጃው ተነከሰ። መዝጊያውን ወደ ኋላ ቢስበው እምቢ አለ። መሬት ላይ አስቀምጦ በጫማው ይረግጠው ጀመር። ጠላት ደግሞ እየመጣ ነው።

ጠመንጃው ሮስ ይባላል። የፈጠረው ሰር ቻርልስ ሮስ ነው።

ሰውየው በ1872 የተወለደ የስኮትላንድ መኳንንት ልጅ ነው። አባቱ ሲሞት ገና ልጅ ነበር፤ ማዕረጉንም ሰፊውን ርስትም ወረሰ። በዚያ ሁሉ ሀብት ላይ መዝናናት ይችል ነበር፣ የሱ ፍቅር ግን ጠመንጃ ነው። ገና በ20ዎቹ መጀመሪያ ላይ እያለ የራሱን ጠመንጃ የፈጠራ መብት አስመዘገበ።

ፈጠራው ምን ነበር? የእንግሊዙ ሊ-ኤንፊልድ ሲተኮስ፣ እጀታውን መጀመሪያ ወደ ላይ ማዞር፣ ከዚያ መሳብ ያስፈልጋል። ሮስ ማዞሩን አስቀረው፤ ቀጥ አድርጎ መሳብ፣ ቀጥ አድርጎ መግፋት፣ በቃ። ወረቀት ላይ የሮስ ይፈጥናል።

ካናዳ ሊ-ኤንፊልድን አገሯ ውስጥ ለመሥራት ብትጠይቅ እንግሊዞች ፈቃድ ከለከሏት። ሮስ አጋጣሚውን አላሳለፈም፤ ኩቤክ ከተማ ፋብሪካ ከፈተ። በ1906 ጠመንጃው ሲሞከር መዝጊያው ተሰብሮ ወደ ኋላ ተወረወረና አንድ የፈረሰኛ ፖሊስ አባል ዓይኑን አጣ። ፖሊሶቹ መሣሪያውን መለሱ። ሮስ ግን እያሻሻለ ቀጠለ፤ በእንግሊዝ አገር ቢዝሊ በሚካሄደው ትልቅ የኢላማ ውድድርም በሱ ጠመንጃ የተኮሱ አሸነፉ። የካናዳው የጦር ሚኒስትር ሳም ሂውዝ ያማ እንደሆን ንቅንቅ የማይል ደጋፊው ሆነ።

ችግሩ፣ የውድድር ሜዳ ምሽግ አይደለም። ሜዳው ደረቅ ነው፣ ጥይቱ የተመረጠ ነው፣ ተኳሹም ዘይትና ጨርቅ ይዞ ተቀምጧል።

የሮስ ጠመንጃ የጥይት ማስቀመጫው ጠባብ ነበር። ልኩ በጣም የተጣራ የካናዳ ጥይት ልክክ ይልለታል፤ በጦርነቱ ጥድፊያ በእንግሊዝ የተመረተው፣ ትንሽ ወፈር ያለው ጥይት ግን ይጣበቅበታል። በዚያ ላይ ጭቃና ግለት ሲጨመር አስቡት! የሊ-ኤንፊልድ ውስጡ ላላ ያለ ስለሆነ ትንሽ ቆሻሻ አያስቆመውም። ያቺ አሰልቺ የምትመስለው ማዞርም ሥራ አላት፦ የተጣበቀውን ቀለሃ ፈልቅቃ ታላቅቀዋለች። ሮስ ለፍጥነት ብሎ የጣለው ይህንኑ ጉልበት ነበር። ይባስ ብሎ መዝጊያው ወደ ኋላ በተሳበ ቁጥር ከማቆሚያው ብረት ጋር እየተጋጨ ጥርሱ ይጎዳ ነበር፤ በእግር ሲረገጥማ አይጣል።

ከኢፕር በሕይወት ከተረፉት 5,000 ያህል ወታደሮች ከ1,400 በላይ የሚሆኑት ሮሳቸውን ጥለው የሞቱ እንግሊዞችን ሊ-ኤንፊልድ አንስተው ነበር። ሚኒስትሩ ሂውዝ ግን ጥፋቱ የጥይቱ ነው ብሎ ሙጭጭ አለ። እውነት የለውም አይባልም፤ ግን ወታደር ጥይት የሚመርጠው የት ሆኖ ነው? ስለ ጠመንጃው አቤት ያለው የካናዳ ጦር አዛዥ ጄኔራል አልደርሰን በ1916 ከቦታው ተነሳ። በዚያው ዓመት ግን ጠመንጃውም ከግንባር ወጣ፣ ሂውዝም ከሥልጣን ተባረረ።

በ1917 መንግሥት ፋብሪካውን ወረሰ። ለሮስ 2 ሚሊዮን ዶላር ተከፈለው። ወታደሮቹ በዚያ ሒሳብ ውስጥ አልነበሩም።

ሮስን እስከ መጨረሻው ያልለቀቁት አነጣጥሮ ተኳሾች ናቸው። እነሱ በደቂቃ 15 ጊዜ አይተኩሱም፤ ጠመንጃቸውን ጠርገው፣ ጥይታቸውን መርጠው፣ አንዲት ይበቃቸዋል። 378 ሰው እንደጣለ የሚነገርለት የኦጂብዌው ተወላጅ ፍራንሲስ ፔጋማጋቦው የያዘው ያንኑ ሮስ ነበር። ፈጣሪው ሰር ቻርልስ በ1942፣ በ70 ዓመቱ፣ አሜሪካ ፍሎሪዳ ውስጥ ሞተ።