ፌሊክስ ቲኮቲን፦ የዕድሜ ልክ ስብስባቸውን ለሐይፋ የሰጡት ሰው

ሐይፋ ውስጥ፣ ካርሜል ተራራ ላይ፣ በሃናሲ ጎዳና አንድ አነስ ያለ ሙዚየም አለ። ውስጡ ያለው ዕቃ ግን የእስራኤልም የአውሮፓም አይደለም፤ የጃፓን ነው። ሙዚየሙ የሚጠራበት ሰው ደግሞ ጃፓናዊ ሳይሆኑ ጀርመን የተወለዱ አይሁዳዊ ናቸው።

ፌሊክስ ቲኮቲን በ1893 (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ግሎጋው በምትባል ከተማ ተወለዱ። ከተማዋ ያኔ የጀርመን ነበረች፤ ዛሬ የፖላንድ ናት። ሙያቸው የሕንጻ ንድፍ ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጃፓን ሄደው የአገሩን ጥበብ ሲያዩ ግን ልባቸው እዚያው ቀረ። በ1927 በርሊን ላይ የጃፓን ጥበብ የሚያሳዩበትና የሚሸጡበት ጋለሪ ከፈቱ። እየሸጡም ለራሳቸው ያስቀምጡ ነበር።

የሰበሰቡት ነገር ብዙ ዓይነት ነው። በእንጨት ላይ ተቀርጾ ወረቀት ላይ የሚታተም ስዕል አለ፤ ሸክላ አለ፤ ሰይፍ አለ። ኔትሱኬ የሚባሉ፣ መዳፍ ውስጥ የሚገቡ ትንንሽ ቅርጾችም አሉ። የጃፓን የድሮ ልብስ ኪስ ስለሌለው ሰዉ ዕቃውን በከረጢት አድርጎ ከመቀነቱ ያንጠለጥል ነበር። ከረጢቱ ሾልኮ እንዳይወድቅ የምትይዘው ኔትሱኬዋ ናት። ገንዘቧን መቀነቷ ላይ ቋጥራ ገበያ ትወጣ ለነበረች እናት ነገሩ ወዲያው ይገባታል።

ሂትለር ሥልጣን ሲይዝ ለቲኮቲን ጀርመን የማትኖርበት አገር ሆነች። ወደ ሆላንድ ሄዱ። ናዚዎች እዚያም ደረሱባቸው፤ እሳቸውና ቤተሰባቸው ተደብቀው ጦርነቱን አለፉ። ከዚያ በኋላ ሥራቸውን እንደገና ጀመሩ። በ1950ዎቹ በአውሮፓና በአሜሪካ ኤግዚቢሽን እያዘጋጁ ስማቸው ገነነ።

በ1956 ለመጀመሪያ ጊዜ እስራኤልን አዩ። ከስብስባቸው አብዛኛው መቀመጥ ያለበት እዚህ ነው ብለው የወሰኑት ያኔ ነው። ሌላ ቦታ ቢሸጡት ብዙ ገንዘብ በሆነላቸው ነበር። ውሳኔያቸውን የተቀበሉት የሐይፋው ከንቲባ አባ ሁሺ ነበሩ (አባ የሚለው ስማቸው ነው እንጂ የቄስ ማዕረግ አይደለም)። ሙዚየሙ የገባበት ቤት የፍሬድሪክ ኪሽ ቤት ነበር። ኪሽ በእንግሊዝ ጦር ውስጥ መሐንዲስና የጦር አዛዥ የነበሩ አይሁዳዊ ሲሆኑ በ1943 ቱኒዚያ ግንባር ላይ ፈንጂ ገደላቸው።

ሙዚየሙ በ1959 ተመሠረተ፤ በ1960 ለሕዝብ ተከፈተ። ጊዜውን ማስታወስ ያስፈልጋል። አገሪቱ ከዓለም ዙሪያ የመጣ ስደተኛ ታሰፍር ነበር። ጸና የሚባለው የምግብና የልብስ ራሽን የተነሳው ራሱ በዚያው በ1959 ነው። ታዲያ ቤትና እንጀራ ለሚፈልግ ሕዝብ የጃፓን ስዕል ምን ያደርግለታል ቢባል ጥያቄው ተገቢ ነው። ቲኮቲን መልስ የሰጡት በሥራቸው ነው። አንዴ ከበርሊን፣ ኋላም ተደብቆ መኖርን ያዩ ሰው፣ ሰው ከእንጀራ ሌላም እንደሚያስፈልገው ያውቁ ነበር። ስጦታውንም አገሩ ሀብታም እስኪሆን አላቆዩትም።

ዛሬ ሙዚየሙ ከ7,000 በላይ ዕቃዎች አሉት። የወረቀት ስዕል ብርሃን ስለሚጎዳው ሁሉም ባንዴ አይሰቀልም፤ በየተራ እየወጣ ይታያል፣ ተመልሶ ያርፋል። በመካከለኛው ምሥራቅ ለጃፓን ጥበብ ብቻ የቆመ የመጀመሪያው ሙዚየም ይኸው ነው።

ቲኮቲን በ1986 በ92 ዓመታቸው አረፉ። የቤተሰባቸው ስም የመጣው አያት ቅድመ አያቶቻቸው ከነበሩባት ቲኮቲን ከምትባል የፖላንድ ከተማ ነው። በነሐሴ 1941 ናዚዎች የዚያችን ከተማ አይሁዶች በአቅራቢያው ወዳለ ጫካ ወስደው ፈጇቸው። ለዘመናት አይሁድ የኖሩባት ከተማ በጥቂት ቀን ውስጥ አንድም አይሁዳዊ የሌለባት ሆነች። አገሩን ጥሎ የወጣ ሰው የመንደር ስም ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቃል። የዚያች ከተማ ስም ዛሬ ሐይፋ ውስጥ በዕብራይስጥ ተጽፎ ይነበባል፤ በሩም ለገባ ሁሉ ክፍት ነው።