ዶክተር ኖርማን ቤቱን፤ ከሊቃውንት ማኅበር ወንበር እስከ ቁስለኛው ቃሬዛ

የሐኪሞች ማኅበር መሪዎቹን ሲመርጥ እጩው የሚያቀርበው ማስረጃ የታወቀ ነው፤ ያሳተማቸው ጥናቶች፣ ያስተማረባቸው ዓመታት፣ የሚያውቁት ታላላቅ ሰዎች። ማኅበሩ የሚቆመው ለማን ነው የሚለው ጥያቄ ግን ብዙውን ጊዜ ከምርጫው አዳራሽ ውጭ ይቀራል። የድንገተኛ ሕክምናን በመሰለ ሙያ፣ ቁስለኛው የሚድነው ወይም የሚሞተው በደቂቃዎች ልዩነት በሆነበት መስክ፣ ይህ ጥያቄ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው። ከመካከላችን ሕክምና የምናጠና ሁሉ ነገ በየማኅበሩ መምረጣችንና መመረጣችን ስለማይቀር፣ ለዚህ ጥያቄ በሕይወቱ መልስ የሰጠውን የአንድ ሐኪም ታሪክ ለአባላት ማቅረብ ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

ኖርማን ቤቱን በማርች 1890 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በካናዳ፣ በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር፣ ግሬቨንኸርስት በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ቄስ ነበር። ስሙን የወረሰው ከአያቱ ሲሆን፣ አያቱ በቶሮንቶ የታወቀ ሐኪምና የሕክምና መምህር ነበር። ወጣቱ ቤቱን የዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን አቋርጦ በሰሜን ኦንታሪዮ ደን ቆራጮች ሰፈር ቀን ከሠራተኞቹ ጋር እየለፋ ማታ ማንበብና መጻፍ ያስተምራቸው ነበር። በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ ቃሬዛ ተሸካሚ ሆኖ ዘመተ፤ በ1915 ቤልጂግ ውስጥ በኢፕር ግንባር በፍንጣሪ እግሩን ቆሰለ። እንግዲህ ቁስለኛን ከማከሙ በፊት ቁስለኛን ተሸክሟል፤ ራሱም ቆስሎ የሌሎችን እጅ ጠብቋል። ወደ አገሩ ተመልሶ በ1916 ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ በሐኪምነት ተመረቀ።

ከጦርነቱ በኋላ በእንግሊዝና በስኮትላንድ የቀዶ ሕክምና ትምህርቱን አጠናክሮ በ1924 በአሜሪካ፣ በዲትሮይት ከተማ የግል ክሊኒክ ከፈተ። በ1926 የሳንባ ነቀርሳ ያዘውና በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ወደሚገኘው ትሩዶ ሳናቶሪየም ገባ። በዚያ ዘመን ለዚህ በሽታ የሚሆን መድኃኒት አልነበረም፤ ሕመምተኛው ተኝቶ ዕጣውን ይጠብቅ ነበር። ቤቱን ግን ስለ ሳንባ ቀዶ ሕክምና የተጻፈ መጽሐፍ አግኝቶ ካነበበ በኋላ፣ በመርፌ አየር ወደ ደረት ውስጥ ተነፍቶ የታመመው ሳንባ እንዲጨመቅና እንዲያርፍ የሚደረግበት ሕክምና ለራሱ እንዲሰጠው አጥብቆ ጠየቀ። በ1927 ተደረገለት፤ ዳነም። ከዚያ በኋላ ሕይወቱን ለዚሁ በሽታ ሰጠ።

በ1928 ወደ ሞንትሪያል ተሻግሮ በሮያል ቪክቶሪያ ሆስፒታል በታዋቂው ቀዳጅ በኤድዋርድ አርቺባልድ ሥር ሠራ። በ1933 የሳክሬ ኬር ሆስፒታል የደረት ቀዶ ሕክምና ክፍል ኃላፊ ሆነ። ብዙ የቀዶ ሕክምና መሣሪያዎችን ፈለሰፈ፤ በተለይም የጎድን አጥንት መቁረጫው በስሙ እየተጠራ በፋብሪካ ተሠርቶ ተሸጠ። በ1935 የአሜሪካ የደረት ቀዶ ሕክምና ማኅበር የምክር ቤት አባል አድርጎ መረጠው። አንድ የሙያ ሰው የሚመኘው ሁሉ በ45 ዓመቱ ተሟልቶለት ነበር ማለት ነው።

ሆኖም ማኅበሩ በጉባኤው የማይነጋገርበትን አንድ ነገር ቤቱን በየቀኑ ያየው ነበር። ዘመኑ የታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ዘመን ነበር። ቀዶ የፈወሰው ድሀ ወደዚያው ጠባብ ክፍልና ወደዚያው ባዶ ማድጋ ይመለሳል፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ያው ሳንባ እንደገና ታሞ ይመጣል። ቤቱን የሳንባ ነቀርሳ ሁለት ዓይነት እንደሆነ፣ አንዱ የሀብታም ሌላው የድሀ እንደሆነ፣ ሀብታሙ እንደሚድንና ድሀው እንደሚሞት ከዚህ ተረዳ። በሞንትሪያል ሥራ አጦችን ያለ ክፍያ ማከም ጀመረ። በ1935 ለፊዚዮሎጂ ጉባኤ ወደ ሌኒንግራድ ሄዶ የሶቪየትን የሕዝብ ሕክምና ተመለከተ፤ በዚያው ዓመት መገባደጃም የካናዳ ኮሙኒስት ፓርቲ አባል ሆነ። በጉዞው ዓይኑን የሳበው የሕክምናው ጎን ነበር፤ የስታሊን አገዛዝ በሕዝቡ ላይ ያደርስ የነበረው ግፍ በሚዛኑ ውስጥ አልገባም።

ከዚያ በኋላ ሐኪሞችን፣ ነርሶችንና የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞችን አሰባስቦ የሕዝቡን ጤና ዋስትና የሚያጠና ቡድን አቋቋመ። በኤፕሪል 1936 በሞንትሪያል ሐኪሞች ማኅበር ፊት ቆሞ፣ ሕክምና የንግድ ሸቀጥ መሆኑ ቀርቶ እንደ ትምህርት ለሁሉም በመንግሥት እንዲሰጥ ተከራከረ። ቡድኑም ከኦገስት 1936 የኬቤክ ምርጫ በፊት ዕቅዱን ለተወዳዳሪዎች አቀረበ። የሚሰማ አልተገኘም። ብዙዎቹ የሙያ ባልደረቦቹም ፊታቸውን አዞሩበት። ካናዳ ለሕዝቧ ሁሉ የሕክምና ዋስትና ሕግ ያወጣችው ከ30 ዓመታት በኋላ፣ በ1966 ነበር።

በዚያው 1936 በስፔን የፍራንኮ ጦር በሪፐብሊኩ ላይ ተነሣ። ቤቱን የሆስፒታል ሥራውን ትቶ በኖቬምበር መጀመሪያ ማድሪድ ገባ። ያስተዋለውም ነገር ቀላል ነበር፤ ቁስለኞች ከግንባር ወደ ሆስፒታል ሲጓዙ ደማቸው ፈስሶ በመንገድ ያልቁ ነበር። ስለዚህ ቁስለኛው ወደ ደሙ እስኪመጣ ከመጠበቅ ደሙ ወደ ቁስለኛው እንዲሄድ ወሰነ። ከማድሪድ ነዋሪዎች ደም ተለግሶ፣ እንዳይረጋ ሶዲየም ሲትሬት ተጨምሮበት፣ በማቀዝቀዣ ተጠብቆ፣ በመኪና እስከ ግንባር ይደርስ ጀመር። በባርሴሎና ዶክተር ፍሬዴሪክ ዱራን ጆርዳ ተመሳሳይ አገልግሎት ከእርሱ ቀድሞ ማቋቋሙን መጥቀስ ይገባል፤ ክብሩ የሁለቱም ነው።

በፌብሩዋሪ 1937 ማላጋ በፍራንኮና በሙሶሊኒ ወታደሮች እጅ ስትወድቅ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ወደ አልሜሪያ በእግሩ ሸሸ። 200 ኪሎ ሜትር በሚያህለው የባሕር ዳርቻ መንገድ ላይ ከባሕርም ከሰማይም ይደበደብ ነበር። ደም ጭኖ ወደ ግንባር ይጓዝ የነበረው ቤቱን ጭነቱን አራግፎ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ለበርካታ ቀናትና ሌሊቶች ስደተኞችን፣ ከሁሉ አስቀድሞ ሕፃናትን፣ አመላለሰ። እዚህ ላይ እኛ ኢትዮጵያውያን ቆም ብለን ልናስብ ይገባናል። የሙሶሊኒ አውሮፕላኖች በዲሴምበር 1935 መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቀይ መስቀልን የሕክምና ሰፈር ደብድበው ነበር። ማላጋ በወደቀች በ11ኛው ቀን ደግሞ በአዲስ አበባ የየካቲት 12 ጭፍጨፋ ተጀመረ። በአልሜሪያ መንገድና በአዲስ አበባ ጎዳና ያለቀው ሕዝብ የአንድ ፋሽስት ሥርዓት ሰለባ ነው።

ቤቱን እንከን የሌለው ሰው አልነበረም። ቁጡ፣ መጠጥ የሚያበዛ፣ ከሥራ ባልደረባ ጋር ቶሎ የሚጋጭ ነበር፤ ትዳሩም ሁለት ጊዜ ፈርሷል። ከስፔን በ1937 የተመለሰውም በከፊል ከባልደረቦቹ ጋር መስማማት ስላልቻለ ነው። ያቋቋመው የደም አገልግሎት ግን እርሱ ከሄደም በኋላ ሥራውን ቀጠለ።

በጃንዋሪ 1938 ጃፓን ወደ ወረረቻት ቻይና ተጓዘ። የናን ደርሶ ከማኦ ጋር ከተነጋገረ በኋላ በሰሜን ቻይና ተራሮች ወደሚዋጋው ጦር ሄደ። በሶንግያንኮው መንደር የመንደሩ ሰው የተሳተፈበት አርአያ ሆስፒታል በሴፕቴምበር 1938 ቢከፈትም ጃፓኖች ብዙም ሳይቆይ አወደሙት። ቤቱን ከዚህ የተማረው፣ በደፈጣ ጦርነት ሆስፒታሉ ራሱ መጓዝ እንዳለበት ነው። የቀዶ ሕክምና ዕቃውን ሁሉ በበቅሎ የሚጫን አድርጎ ሠራው፤ ሐኪም ቁስለኛው እስኪመጣለት መቀመጥ የለበትም የሚለውንም መመሪያ አደረገ። በኤፕሪል 1939 በቺሁዪ ውጊያ በ69 ሰዓት ውስጥ 115 ቀዶ ሕክምና አደረገ። ደም ሲያጥር የራሱን ሰጠ። ከሁሉ በላይ ግን አስተማረ፤ የገበሬ ልጆችን በአጭር ጊዜ አሠለጠነ፣ ሥዕል ያለበት የማስተማሪያ ጽሑፍ አዘጋጀ፣ መንደርተኛውን በደም ለጋሽነት አደራጀ።

በኦክቶበር 1939 መጨረሻ ያለ ጓንት ሲቀድ ጣቱ ተቆረጠ። ቁስሉ አመረቀዘ፣ ደሙም ተመረዘ። ፔኒሲሊን ገና ለሕክምና አልዋለም ነበር። ኖቬምበር 12 ቀን 1939 በሄቤይ ክፍለ ሀገር በአንዲት መንደር ውስጥ በ49 ዓመቱ አረፈ። ማኦ በጻፈለት የመታሰቢያ ጽሑፍ በቻይና ስሙን የማያውቅ ጠፋ። የገዛ አገሩ ካናዳ በብሔራዊ ታሪክ ሰውነት ያወቀችው ግን በ1972 ነው፤ የተወለደበትም ቤት በ1976 ቤተ መዘክር ሆነ።

የቤቱን ታሪክ ከእኛ ጋር ያለው ግንኙነት በዚህ አያበቃም። እርሱ የተመረቀበት የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ በ2010 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል፣ የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊስቶች ሥልጠና ሲጀመር ከረዱት አንዱ ነው። ሙያው በአገራችን ወጣት ነው፤ ማኅበራቱም እንዲሁ። መልካቸውን የሚሰጣቸው የዛሬው ተማሪ ነው።

ስለዚህ ለመሪነት የሚቀርብን ሰው፣ ያ ሰው ከመካከላችን አንዱ ቢሆንም፣ ሦስት ነገር እንጠይቀው ዘንድ እናሳስባለን። አንደኛ፣ በመንገድ ደሙ ለሚፈስ ሰው ሕክምናው በስንት ሰዓት ይደርሳል፣ እርሱስ ያንን ሰዓት ለማሳጠር ምን ያደርጋል? ሁለተኛ፣ ከእርሱ በኋላ የሚሠሩ ስንት ሰዎችን ያሠለጥናል? ሦስተኛ፣ ከባልደረቦቹ ጋር አብሮ መሥራት ይችላልን? ቤቱን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች ከማንም በላይ መልሷል፤ ሦስተኛው ላይ ወድቋል። ውድቀቱም ከሥራው እኩል ሊጠና ይገባዋል። በ1935 ያገኘውን የምክር ቤት ወንበር ዛሬ የሚያስታውሰው ጥቂት ነው፤ በበቅሎ የተጫነውን የቀዶ ሕክምና ክፍል ግን የማያውቅ የሙያው ተማሪ ሊኖር አይገባም።