ጋሪ ኪልዳልና የ200 ዶላሩ ልዩነት

የቤቱ ሥራ አልቆ፣ ልጆቹ ተኝተው፣ ክፍላችሁ ገብታችሁ ስልካችሁን ስትከፍቱ ቀድሞ የሚነሳው ኢሞም ዋትስአፕም አይደለም። ከእነሱ በፊት ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚባለው ፕሮግራም ይነሳል። ስክሪኑን የሚያበራው፣ ፎቶውን ቦታ ሰጥቶ የሚያስቀምጠው፣ አፑን ስትነኩት የሚከፍተው እሱ ነው። ሳምሰንግ ላይ አንድሮይድ፣ አይፎን ላይ አይኦኤስ፣ ብዙ ላፕቶፖች ላይ ደግሞ ዊንዶውስ ይባላል።

አገር ቤት ላለ ወንድም ወይም እህት ላፕቶፕ ለመግዛት ከደመወዛችሁ እየቀነሳችሁ የምታጠራቅሙ ብዙ ናችሁ። ሱቅ ስትገቡ ስለ ዋጋውና ስለ ቀለሙ ይነገራችኋል። ውስጡ ያለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ለምን ሥራ እንደሚሆን ግን የሚጠይቃችሁ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ዛሬ የምናወራላችሁ ሰው ዕድሉ የተወሰነው በዚሁ ምርጫ ነው። ስሙ ጋሪ ኪልዳል ይባላል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጋሪ ሜይ 19 ቀን 1942 በአሜሪካ ሲያትል ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ መርከበኞችን የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት ነበረው። ልጁ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱ ጎበዝ አልነበረም፤ ከደብተር ይልቅ መኪና መፈታታት ይወድ ነበር። በቤተሰቡ ትምህርት ቤት ሲያስተምር ቆይቶ የሂሳብ መምህር ለመሆን ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ገባ። እዚያ ግን ኮምፒውተር አገኘና ሐሳቡን ቀየረ። አባቱ የባሕሩ ውኃ የሚሞላበትንና የሚጎድልበትን ሰዓት የሚያሳይ ሠንጠረዥ ያዘጋጅ ነበር። ጋሪ ያንን ስሌት ኮምፒውተር እንዲሠራው ፕሮግራም ጻፈ። ኮምፒውተር የአንድን ሰው የዕለት ሥራ ሲያቀል ያየው ያኔ ነው።

ዘመኑ የቬትናም ጦርነት ዘመን ስለነበር ባሕር ኃይል ገባ። የተመደበው ግን ጦር መርከብ ላይ ሳይሆን በካሊፎርኒያ ሞንተሬይ ባለው የባሕር ኃይል ከፍተኛ ትምህርት ቤት በመምህርነት ነበር። በ1972 ዶክትሬቱን ያዘ። በዚያ ወቅት ኮምፒውተር ማለት ክፍል የሚሞላ፣ ድርጅት ብቻ የሚገዛው ማሽን ነበር። ኢንቴል የተባለው ኩባንያ በ1971 በጣት ጫፍ የሚያዝ ፕሮሰሰር ሲያወጣ፣ ብዙዎች ለሂሳብ ማሽን ከሚሆን ዕቃ የዘለለ አልመሰላቸውም። ጋሪ ግን አንድ ቀን በየሰው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ኮምፒውተር ታየው። ከማስተማሩ ጎን ለጎን በሳምንት አንድ ቀን ለኢንቴል መሥራት ጀመረ።

አንድ የፍሎፒ ዲስክ ማንበቢያ አግኝቶ ነበር። ነገር ግን ከትንሹ ኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘው ዕቃ ስላልነበረ ረዘም ላለ ጊዜ ሥራ ፈትቶ ተቀመጠ። በመጨረሻ ጆን ቶሮድ የተባለ ጓደኛው ማገናኛውን ሠራለት። በ1974 ጋሪ የጻፈው ፕሮግራም ዲስኩን አዘዘ፣ ፋይል አስቀመጠ፣ መልሶም አነበበ። ይህ ፕሮግራም ሲፒኤም ተባለ። ለትንንሽ ኮምፒውተሮች የተሠራ የመጀመሪያው ታዋቂ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው።

የጋሪን ብልሃት ለመረዳት የምትኖሩበትን ቤት አስቡ። ከአገር ቤት ያመጣችሁት የስልክ ቻርጀር ባለ ሁለት ድብልብል እግር ነው፤ እዚህ ያለው ሶኬት ደግሞ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ቀዳዳ። ቻርጀሩን አትጥሉትም፤ ትንሽ አዳፕተር ትገዙና ሥራው ይቀጥላል። በዚያን ጊዜ የየኩባንያው ኮምፒውተር እንደዚህ ነበር፤ ለአንዱ የተጻፈ ፕሮግራም ሌላው ላይ አይሠራም። ጋሪ ሲፒኤምን ለሁለት ከፈለው። ትልቁ ክፍል በሁሉም ኮምፒውተር ላይ አንድ ዓይነት ሆነ። ትንሹ ክፍል ብቻ እንደ አዳፕተሩ በየማሽኑ ይቀያየራል። ይህን ትንሽ ክፍል ባዮስ አለው፤ ቃሉ እስከ ዛሬ በኮምፒውተር ጠጋኞች አፍ ላይ አለ።

ከዚያ በኋላ አንድ የጽሕፈት ወይም የሂሳብ ፕሮግራም የጻፈ ሰው ለብዙ ዓይነት ኮምፒውተሮች መሸጥ ቻለ። ተጠቃሚውም ማሽን ሲቀይር የለመደውን ፕሮግራም አያጣም።

ጋሪ ከባለቤቱ ከዶሮቲ ጋር ሆኖ ፓሲፊክ ግሮቭ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ፣ መጀመሪያ ከመኖሪያ ቤታቸው፣ ዲጂታል ሪሰርች የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙ። እሱ ፕሮግራም ይጽፋል፤ እሷ ደንበኛ ታስተናግዳለች፣ ውል ትዋዋላለች፣ ሒሳብ ትይዛለች። ስሙ የሚነሳው የእሱ ብቻ ቢሆንም ቤቱን ያቆመችው እሷም ናት። በ1980 ሲፒኤም በትንንሽ ኮምፒውተሮች ገበያ ላይ ገኖ ነበር።

በዚያው ዓመት የዓለም ትልቁ የኮምፒውተር ኩባንያ አይቢኤም በምሥጢር የራሱን ትንሽ ኮምፒውተር ይሠራ ነበር። ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፍለጋ መጀመሪያ ቢል ጌትስ ጋ ሄዱ። የጌትስ ማይክሮሶፍት ያኔ ለዚህ የሚሆን የራሱ ኦፐሬቲንግ ሲስተም አልነበረውምና ወደ ጋሪ መራቸው። የአይቢኤም ሰዎች በመጡበት ጠዋት ጋሪ በራሱ ትንሽ አውሮፕላን ወደ አንድ ደንበኛ ሄዶ ነበር። እንግዶቹን ዶሮቲ ተቀበለቻቸው። ከንግግሩ በፊት የምሥጢር መጠበቂያ ወረቀት ፈርሚ አሏት። ወረቀቱ ለአንድ ወገን ያደላ ነበር። ጠበቃዋን አማክራ አልፈርምም አለች።

ውል ሳይረዱ መፈረም ምን እንደሚያመጣ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ዶሮቲ ያደረገችው ማንኛውም ጠንቃቃ ሰው የሚያደርገውን ነው። ጋሪ ከሰዓት በኋላ ደርሶ ከእንግዶቹ ጋር እንደተነጋገረ ይናገር ነበር፤ የሆነውን ግን ሁለቱ ወገኖች እስከ መጨረሻው ለየብቻ ነው የተረኩት። ውጤቱ ግን አንድ ነው፤ ስምምነት አልተደረሰም።

አይቢኤም ወደ ጌትስ ተመለሰ። ማይክሮሶፍት ከአንድ አነስተኛ የሲያትል ኩባንያ፣ ቲም ፓተርሰን የጻፈውንና አሠራሩ ሲፒኤምን የሚመስለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ከ100,000 ዶላር ባነሰ ገንዘብ ገዛ። ኦገስት 12 ቀን 1981 የአይቢኤም ኮምፒውተር ይፋ ሲሆን ይህ ፕሮግራም ፒሲ ዶስ ተብሎ አብሮ ወጣ። ጋሪ መመሳሰሉን አይቶ ክስ ሊመሠርት እንደሚችል አስታወቀ። አይቢኤምም የጋሪን አዲስ ሲፒኤም 86 ጎን ለጎን ለመሸጥ ተስማማ።

ጋሪ ገዢው ራሱ አወዳድሮ ይመርጣል ብሎ ተስፋ አደረገ። ዋጋው ሲወጣ ግን ፒሲ ዶስ 40 ዶላር፣ ሲፒኤም 86 ደግሞ 240 ዶላር ሆነ። በዚያ ላይ የጋሪው ዘግይቶ ነው የደረሰው። ሰው ባለ 40ውን ገዛ፤ ሰው የገዛውን ያዩ ፕሮግራም ጸሐፊዎችም ለእሱ መጻፍ ቀጠሉ፤ ፕሮግራም ሲበዛለት ደግሞ ገዢው ይበልጥ በዛ። የጋሪ በር በዚህ ተዘጋ።

እነዚያን ገዢዎች ሞኝ አትበሏቸው። ደብዳቤ ለመጻፍና ሒሳብ ለመያዝ ባለ 40ው በቂ ነበር። ከዚህ ታሪክ ለእኛ የሚተርፈው ይህ ነው፦ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጥሩ ወይም መጥፎ የሚባለው ሊሠራበት ከታሰበው ሥራ አንጻር ነው። ስለዚህ ላፕቶፕ ከመግዛታችሁ በፊት አገር ቤት ደውላችሁ ተቀባዩ በየትኛው ፕሮግራም እንደሚማር ወይም እንደሚሠራ ጠይቁ።

እህታችሁ አካውንቲንግ የምትማርና ፒችትሪ የምትለማመድ ከሆነ ዊንዶውስ ያለው ላፕቶፕ ያስፈልጋታል፤ ፒችትሪ የተሠራው ለዊንዶውስ ነው። ፒችትሪ በ1981 ከአይቢኤም ኮምፒውተር ጋር ይፋ ከሆኑት ፕሮግራሞች አንዱ ነበርና፣ የያኔው ምርጫ እስከ ዛሬ ድረስ ተከትሎን መጥቷል። ውድ ማክቡክ ገዝታችሁ ብትልኩላት ፒችትሪን እንዲሁ ልትጭንበት አትችልም። ማክ ለቪዲዮ ቅንብርና ለዲዛይን ሥራ ግን የብዙ ባለሙያዎች ምርጫ ነው።

ያገለገለ ላፕቶፕ በርካሽ ካገኛችሁ ዊንዶውስ 11 ይቀበል እንደሆነ ጠይቁ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ማሽኑ አዲሱን የማይቀበል ከሆነና የሚፈለገው ለጽሕፈት፣ ለኢንተርኔትና ፕሮግራሚንግ ለመማር ብቻ ከሆነ፣ ሊኑክስ የሚባል በነፃ የሚገኝ ኦፐሬቲንግ ሲስተም አለ። ኡቡንቱና ሚንት የሊኑክስ ዓይነቶች ናቸው። ለአሮጌ ማሽን የሚቀሉ ዓይነቶችም አሉት። ክሮምቡክ ርካሽና ቀላል ነው፤ ነገር ግን አብዛኛው ሥራው በኢንተርኔት ስለሆነ መስመር በሚቆራረጥበት ከተማ ያስቸግራል።

ለስልክም እንዲሁ ነው። አሮጌ አንድሮይድ ወይም አሮጌ አይፎን አዲሱን ኦፐሬቲንግ ሲስተም መቀበል ሲያቆም፣ ቀስ በቀስ የባንክና የገንዘብ መላኪያ አፖችም አልከፈት ይላሉ። ያገለገለ አይፎን ስትገዙ ደግሞ ሻጩ የራሱን አካውንት እፊታችሁ ማጥፋቱን አረጋግጡ፤ ካልጠፋ ስልኩ ተቆልፎ ይቀራል።

ወደ ጋሪ እንመለስ። እሱ ከዚያ በኋላም አልተቀመጠም። ኩባንያው በምስልና በመዳፊት የሚሠራ ጌም የተባለ ፕሮግራም አወጣ። በ1985 አንድ ሙሉ ኢንሳይክሎፒዲያ በአንድ ሲዲ ላይ እንዲወጣ ካደረጉት ሰዎች አንዱ ሆነ። ኮምፒውተር ክሮኒክልስ በተባለ የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ በአቅራቢነት ተቀምጦ፣ የተቀናቃኞቹን ሥራ ሳይቀር በጨዋነት ለሕዝብ ያስተዋውቅ ነበር። በ1991 ኩባንያው ኖቬል ለተባለ ድርጅት ተሸጠ። ጋሪ ሀብታም ሆነ።

ገንዘቡ ግን አንድ ሐሜት አላጠፋለትም። አይቢኤም ሲመጣ ጋሪ በአውሮፕላን ሽርሽር ላይ ነበር፣ ዕድሉን በቸልተኝነት አሳለፈው የሚለው ወሬ በሄደበት ሁሉ ተከተለው። ለሥራ እንደሄደና በዚያው ቀን እንደተመለሰ ቢያስረዳም የሚሰማው አላገኘም። ከዶሮቲ ጋር ያለው ትዳርም ፈረሰ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት መጠጥ አበዛ። በጁላይ 1994 ሞንተሬይ ውስጥ በአንድ መጠጥ ቤት ጭንቅላቱን ተጎዳ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ጁላይ 11፣ በ52 ዓመቱ አረፈ። የተቀበረው በተወለደባት ሲያትል ነው።

ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ2014፣ አይትሪፕልኢ የተባለው የዓለም የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ማኅበር በፓሲፊክ ግሮቭ የኩባንያው ቢሮ በነበረው ሕንፃ ፊት ለፊት የመታሰቢያ ሰሌዳ አኖረለት።

ዊንዶውስ ያለው ላፕቶፕ ያላችሁ ደግሞ በእጃችሁ ሌላ መታሰቢያ አለ። ፋይሎቻችሁን ስትከፍቱ ዋናው ማስቀመጫ ሲ በሚል ፊደል ተሰይሞ ታዩታላችሁ። ማስቀመጫን በፊደል መጥራት ከሲፒኤም ወደ ዶስ፣ ከዶስ ወደ ዊንዶውስ የተላለፈ ልማድ ነው። ለእህታችሁ የምትልኩት ላፕቶፕ ሲከፈት ያ ፊደል እዚያ ይጠብቃታል። የምትፈልገው ፕሮግራምም አብሮ እንዲጠብቃት፣ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቋት።