አባ እንጦንስ እና በልብ የተያዘ መጽሐፍ

ኮሚቴው እንደ ልማዱ ለዓመቱ መጽሔት አንድ ነገር ጻፉ ቢለን ምን እንጻፍ ብለን ብዙ አሰብን። ስለ መዋጮ መዘግየት ባለፈው ተጽፏል፤ ስለ ድንኳኑና ስለ ወንበሩም ተጽፏል። ዘንድሮ ግን አንዲት የእድራችን እናት ከለቅሶ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ የጠየቁን ጥያቄ አለ። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ፈተና ሲመጣበት በመጽሐፍ ቃል እንዴት አድርጎ ይከላከላል፣ የናንተ መጽሐፍ እጃችሁ ላይ ነው፣ የኛስ የት ነው ብለው ነበር የጠየቁን። እኛም ያን ለት የረባ መልስ አልሰጠናቸውም። እቤታችን ገብተን ስናስበው ግን አባ እንጦንስ ትዝ አሉን። መልሱ ቢዘገይም እነሆ።

አባ እንጦንስን በስም የማያውቅ ጥቂት ነው። ጥር 22 ቀን ይታሰባሉ። የአገራችን መነኮሳት የምንኩስናቸውን ሐረግ ወደ ላይ ሲቆጥሩ የሚደርሱት እሳቸው ዘንድ ነው። ቢሆንም አብዛኞቻችን ስማቸውን እንሰማለን እንጂ ኑሮአቸውን አናውቅም። ታሪካቸውን የጻፉት የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ አትናቴዎስ ናቸው። እኒህም ለኛ ባዕድ አይደሉም፤ አባ ሰላማ ከሳቴ ብርሃንን ለአክሱም ጳጳስ አድርገው ቀብተው የላኩልን እሳቸው ናቸው። ከዚህ በታች የምንጠቅሰው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

እንጦንስ በ251 ዓ.ም. ገደማ በግብፅ አገር ኮማ በምትባል መንደር ተወለዱ። ወላጆቻቸው ክርስቲያኖችና ባለጸጎች ነበሩ። ልጁ ግን ትምህርት ቤት መግባትን እምቢ አሉ፤ ፊደልም አልተማሩም። ከቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤት ብቻ ነበር። ዕድሜያቸው 18 ወይም 20 ሲሆን አባትና እናታቸው ሞቱ። አንዲት ትንሽ እኅትና 300 አሩራ የሚሆን ለም መሬት በእጃቸው ቀረ። አሩራ የግብፆች የመሬት መለኪያ ነው፤ 300ው ሲሰላ 80 ሄክታር ያልፋል። በድሮው በኛ ልክ ሁለት ጋሻ መሆኑ ነው። ለአንድ ወጣት ምን ያህል ሀብት እንደሆነ የገጠር ልጅ የሆነ ሁሉ ይገባዋል።

ወላጆቻቸው ከሞቱ ስድስት ወር ሳይሞላ እንጦንስ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ፣ ሐዋርያት ሁሉን ትተው ጌታን እንዴት እንደተከተሉ በልባቸው ያወጡ ያወርዱ ነበር። ሲገቡ ወንጌል ይነበባል። የማቴዎስ ምዕራፍ 19 ነው፤ ጌታ ያንን ባለጸጋ ጎልማሳ ያለውን ሸጦ ለድሆች እንዲሰጥ ያዘዘበት ቦታ። ያ ጎልማሳ አዝኖ እንደሄደ እናውቃለን። እንጦንስ ግን ቃሉ ለሳቸው የተነበበ መሰላቸውና ወጥተው መሬቱን ለመንደሩ ሰዎች ሰጡ፤ የቤቱን ዕቃ ሸጠው ለድሆች አከፋፈሉ። ለእኅታቸው የሚሆን ጥቂት ብቻ አስቀሩ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ስለ ነገ አትጨነቁ የሚለው ትምህርት ሲነበብ ሰሙና ያንንም ጥቂት ሰጡ። እኅታቸውን በደናግል ዘንድ አደራ አስቀመጡ። እዚህ ላይ ስናነብ ትንሽ ቅር ብሎን እንደነበር አንደብቅም። ወላጅ የሌላትን ሕፃን ትቶ መሄድ በኛ ዘንድ ያስወቅሳል። ኋላ ግን አሮጊት ሆና፣ የሌሎች ደናግል አለቃ ሆና ወንድምዬው እንዳገኟትና ደስ እንዳላቸው ተጽፏል።

አሁን ወደ ጥያቄው መጣን። እንጦንስ ከመንደራቸው ዳር ሆነው በእጃቸው እየሠሩ ይኖሩ ጀመር፤ የማይሠራ አይብላ የሚለውን የጳውሎስን ትእዛዝ ሰምተዋልና። ካገኙት ላይ ለዳቦ የሚበቃቸውን ያስቀሩና የተረፈውን ለችግረኛ ይሰጣሉ። መጽሐፍ የላቸውም። ቢኖራቸውም አያነቡትም። ነገር ግን ሲነበብ የሚሰሙት በሙሉ ልባቸው ስለነበር ከቃሉ አንዲት እንኳ መሬት አትወድቅባቸውም ነበር ይላሉ አትናቴዎስ። ትዝታቸው በመጽሐፍ ፈንታ ሆነላቸው። እንግዲህ እኒያ እናት የጠየቁን ይህን ነው።

ሰይጣን ሲመጣባቸው በቀንድና በጅራት አልመጣም። አስቀድሞ የመጣው በአሳብ ነው። ያ መሬት እንዴት ያለ መሬት ነበር፣ እኅትህስ እንዴት ሆና ይሆን፣ ዘመዶችህ ምን ይሉሃል፣ ገንዘብ እኮ ጥሩ ነው፣ ጥሩ ምግብ አለ፣ ክብር አለ፣ ሰውነትህ ደካማ ነው፣ ዕድሜ ደግሞ ረጅም ነው፣ እንዴት ትዘልቀዋለህ እያለ። ይህን ስናነብ ደነገጥን፤ የኛኑ ጓዳ የሚያውቅ ይመስላል! በዚህ ሁሉ ሲያቅተው በዝሙት አሳብ ሌት ተቀን አስጨነቃቸው፤ ሴት መስሎም ታያቸው። ይህም ሲከሽፍበት በልጅ መልክ ታይቶ መሸነፉን ተናዘዘ። እሳቸውም ከዳዊት 117ኛውን መዝሙር፣ እግዚአብሔር ረዳት ስለሆነለት ጠላቶቹን ስለማይፈራ ሰው የሚናገረውን ስፍራ ጠቅሰው መለሱለት።

ከዚያ ራቅ ወዳለ መቃብር ቤት ሄደው በሩን አስዘግተው ተቀመጡ። አንድ ወዳጃቸው አልፎ አልፎ እንጀራ ያመጣላቸዋል። አንድ ሌሊት አጋንንት መጥተው እስኪደክሙ ደበደቧቸው። ወዳጅየው በማግስቱ ሲመጣ እንደ ሬሳ ተዘርግተው አገኛቸውና ተሸክሞ ወደ መንደሩ ቤተ ክርስቲያን ወሰዳቸው። ዘመድና ጎረቤት ሞቱ ብሎ በዙሪያቸው ተቀመጠ። እኛ የእድር ሰዎች ይህን ቦታ ከማንም በላይ እናውቀዋለን፤ ሬሳ የሚጠብቅ ሰው ሌሊቱ ሲገፋ ምን እንደሚሆን መቼም አይጠፋንም። እኩለ ሌሊት ላይ እንጦንስ ሲነቁ ሁሉም እንቅልፍ ጥሎታል። የነቃው ያ ወዳጃቸው ብቻ ነበር። ማንንም ሳይቀሰቅስ መልሶ ወደ መቃብሩ ቤት እንዲወስዳቸው በምልክት ለመኑት፤ ወሰዳቸውም።

መቆም አልቻሉም። ተኝተው ጸለዩ። ተኝተውም 26ኛውን መዝሙር፣ ሠራዊት እንኳ ቢከበው ልቡ ስለማይፈራ ሰው የሚናገረውን አሉ። ልብ በሉ፣ ጥቅሱን ያሉት ድል ካደረጉ በኋላ አይደለም፤ ገና ቁስሉ ሳይደርቅ ነው። ያን ጊዜ አጋንንት በአንበሳ፣ በድብ፣ በነብር፣ በበሬ፣ በእባብ፣ በጊንጥና በተኩላ መልክ ቤቱን ሞሉት። በመጨረሻ ጣራው የተከፈተ መሰለና ብርሃን ወረደ፤ ሕመሙም ተወ። እንጦንስ እስካሁን የት ነበርክ፣ ለምን ከመጀመሪያው አልመጣህም ብለው ጠየቁ። መልሱም እዚያው እንደነበረና ተጋድሎአቸውን ለማየት እንደቆየ የሚገልጽ ነበር። ዕድሜያቸው ያን ጊዜ 35 ገደማ ነበር።

በበነጋው ወደ በረሃ ሲሄዱ መንገድ ላይ ትልቅ የብር ሳሕን ወድቆ አዩ። ወዲያው አልተደነቁም፤ ቆመው መረመሩ። የመንገደኛ ዱካ የለም። ይህን የሚያህል ዕቃ ሲወድቅ ያልሰማ፣ ተመልሶም ያልፈለገ ሰው አይኖርም ብለው አሰቡ። ከዚያ ጴጥሮስ ለሲሞን መሠርይ ስለ ገንዘቡ ጥፋት የተናገረውን ቃል ለሳሕኑ ተናገሩት፤ ሳሕኑም እንደ ጢስ በነነ። ቀጥሎ እውነተኛ ወርቅ ተበትኖ አገኙ። ያንን ግን አልተከራከሩትም፤ እሳት እንደሚያልፍ ሰው ሮጠው አለፉት።

ስለዚህ ሳሕን ስንጽፍ የራሳችንን ነገር ብንደብቅ ያሳፍረናል። በ1970ዎቹ (ይህ እንኳ በኛ አቆጣጠር ነው) በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ጸሐፊ ሳለን አንድ ባለጉዳይ ፋይሉ ቶሎ እንዲወጣለት ፈልጎ በመዝገብ መካከል ፖስታ ትቶልን ሄደ። በዚያን ጠዋት እንደ ዘወትሩ ዳዊታችንን ደግመን ነበር የወጣነው። ሆኖም ፖስታውን ኪሳችን ከተትነው። ስድስተኛ ክፍል የጨረስን፣ አንብበን የምንረዳ ሰዎች መሆናችን ነው! ማታ እናታችን ሥጋ ገዝተን ስንገባ አይተው ደመወዝ ወጣ ወይ ብለው ጠየቁን። እናታችን ፊደል የቆጠሩ አልነበሩም። ነገሩን ስንነግራቸው አልተቆጡም፤ ነቢዩ ኤልሳዕ ንዕማንን በነጻ ሲፈውሰው፣ ሎሌው ግያዝ ግን ተከትሎ ሮጦ ብርና ልብስ የተቀበለው ትዝ ይልሃል ወይ ብቻ አሉን። በቤተ ክርስቲያን ሲነበብ የሰሙት ነው። የንዕማን ለምጽ ወደማን እንደሄደ እሳቸውም አልጨረሱትም፣ እኛም አልጠየቅናቸውም። ያን ሌሊት ቆዳችንን ስንነካካ አደርን። ያጎደልነውን ከጎረቤት ተበድረን ሞልተን በማግስቱ ፖስታውን ለባለቤቱ መለስን፤ ሰውየውም ያነሰው መስሎት ሊጨምርበት ፈለገ።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። እንጦንስ ዐባይን ተሻግረው ሰው በተወው የፈረሰ ምሽግ ውስጥ ገቡ። በሩን ዘግተው ሃያ ዓመት ተቀመጡ፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ደረቅ ዳቦ በጣራ በኩል ይወርድላቸዋል። በውጭ የሚመጡ ሰዎች ከውስጥ የሁካታ ድምፅ ሲሰሙ ይደነግጡ ነበር፤ እሳቸው ግን መዝሙር ሲዘምሩ ይሰማሉ። በ305 ዓ.ም. ገደማ ወዳጆቻቸው በሩን ሰብረው ቢገቡ ሽማግሌ አጥንት እናገኛለን ብለው ሲጠብቁ ሰውነታቸው አልወፈረም አልከሳም፤ እንደ ድሮአቸው ናቸው።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሰዎች ተከተሏቸው፤ በረሃው ከተማ ሆነ። ለተከተሏቸው ከሰጡት ምክር አንዱን ሳናነሣ ማለፍ አንፈልግም። አጋንንት ራሳቸው መዝሙር ይዘምራሉ፣ ጥቅስ ይጠቅሳሉ፣ የተኛውን መነኩሴ ለጸሎት ይቀሰቅሳሉ፣ ከአቅሙ በላይ ጹም ይሉታል፤ ኋላ ሲደክመው ሁሉንም እንዲተው ነው ብለው አስጠንቅቀዋል። ይህም ከወንጌል የወጣ አይደለም። ጌታ በገዳመ ቆሮንቶስ ሲፈተን ሦስቱንም መልስ የሰጠው ከኦሪት ዘዳግም፣ ከምዕራፍ 6ና 8 ነው። ፈታኙም በበኩሉ ዘጠናኛውን መዝሙር ጠቅሷል። ዘጠናኛውን መዝሙር ጽፈን አንገታችን ላይ የምናንጠለጥል ሁሉ ይህን ብናስታውስ አይከፋም።

በ311 ዓ.ም. መክሲሚኖስ ክርስቲያኖችን ሲያሳድድ እንጦንስ ወደ እስክንድርያ ወርደው የታሰሩትን አገለገሉ። ዳኛው መነኮሳት ከችሎት ይውጡ ቢል ሌሎቹ ሲደበቁ እሳቸው ልብሳቸውን አጥበው በማግስቱ ፊት ለፊት ቆሙ። ማንም አልነካቸውም። ኋላ ከሕዝብ ብዛት ሸሽተው ከዐረብ መንገደኞች ጋር ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ተጉዘው በቀይ ባሕር በኩል ካለው ተራራ ደረሱ። ምንጭ ነበረበት፤ እህልና አትክልት ዘሩ፤ ገዳማቸውም እስከ ዛሬ በዚያው አለ። ንጉሡ ቆስጠንጢኖስ ደብዳቤ ሲልክላቸው አልቸኮሉም። ፈላስፎች መጥተው ፊደል ባለማወቃቸው ሊዘብቱባቸው ቢፈልጉ አእምሮ ይቀድማል ወይስ ፊደል ብለው ጠየቋቸው። አእምሮ እንደሚቀድም ሲመልሱላቸው፣ እንግዲያው አእምሮው ጤነኛ የሆነ ሰው ፊደል አያስፈልገውም አሏቸው። እኛ እንኳ በዚህ አንስማማም፤ ልጆቻችሁን ትምህርት ቤት ላኩ።

አሁን እድራችንን ወደሚመለከተው ነገር እንምጣ። በዚያን ዘመን ግብፆች የከበረ ሰው ሲሞትባቸው፣ ክርስቲያኖችም ሳይቀሩ፣ ሬሳውን በጨርቅ ገንዘው ሳይቀብሩ በቤታቸው በአልጋ ላይ ያኖሩት ነበር። እንጦንስ ይህን ይጠሉ ነበር። የአባቶችና የነቢያት ሥጋ፣ የጌታም ሥጋ እንኳ ተቀብሯል እያሉ ያስተምሩ ነበር። ስለዚህ በ356 ዓ.ም. በ105 ዓመታቸው ዕለተ ሞታቸው መድረሱን ባወቁ ጊዜ፣ 15 ዓመት አብረዋቸው የነበሩትንና በእርጅናቸው የጦሯቸውን ሁለት መነኮሳት ጠርተው ሥጋቸውን ወደ ግብፅ እንዳይወስዱት፣ ከሁለቱ በቀር ማንም በማያውቀው ቦታ እንዲቀብሩት አዘዙ። ዓይናቸው አልፈዘዘም፤ ጥርሳቸውም ከማለቁ በቀር አንድም አልወለቀም ነበር።

ውርሳቸውንም አከፋፈሉ። ዕቃ ተብሎ የሚቆጠር አልነበረም። አንድ የበግ ለምድና የሚተኙበትን ካባ ለአትናቴዎስ፤ ካባውን ያመጡላቸው አትናቴዎስ ነበሩ፣ አዲስ ሆኖ መጥቶ በሳቸው ዘንድ አረጀ። ሌላውን ለምድ ለጳጳሱ ለሰራጵዮን። የጠጉሩን ልብስ ለሁለቱ መነኮሳት። ከዚያ እግራቸውን ዘረጉ።

ጥሩንባ የነፋ፣ ድንኳን የተከለ አልነበረም። ሁለቱ መነኮሳት ገንዘው፣ ቆፍረው፣ ቀብረው ወደ ቤታቸው ገቡ። አትናቴዎስ ታሪኩን ሲጽፉም ቦታውን ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።