ባለ ሁለት ስሙ ሐኪም

ከእኛ መካከል ለትምህርት ባሕር ማዶ ተሻግሮ የሌላ አገር ወረቀት ሲቀርብለት የሚያመነታ አይጠፋም። ስለዚህ የሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ታሪክ ለማውሳት ወደድን።

ሐኪም ወርቅነህ በ1857 ዓ.ም. ጎንደር ተወለዱ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ባረፉ ጊዜ ገና የሦስት ዓመት ሕፃን ነበሩ፤ ከወላጆቻቸውም ተለይተው ተገኙ። ቻምበርሌን የሚባል የእንግሊዝ ኮሎኔል ወደ ህንድ ወሰዳቸው። እርሱ ሲሞት ማርቲን የሚባል ሌላ ኮሎኔል የትምህርታቸውን ወጪ ቻለ። ቻርልስ ማርቲን የተባሉትም በዚሁ ምክንያት ነው። በላሆር ሕክምና ተምረው፣ በስኮትላንድ አጠናቀው፣ በበርማ የእንግሊዝ መንግሥት ሐኪም ሆኑ። እንግዲህ የእንግሊዝ ተገዢነታቸው ፈልገው ያመጡት አልነበረም፤ በልጅነታቸው የተጫነባቸው ነው እንጂ።

የዐድዋ ድል ወሬ በደረሳቸው ጊዜ ልባቸው ወደ አገራቸው ተነሣ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አዲስ አበባ ሲገቡ አማርኛው ጠፍቶባቸው በአስተርጓሚ ይናገሩ ነበር። ሆኖም አያታቸው በገላቸው ላይ ያለውን የልጅነት ጠባሳ አይተው ለዩአቸው። በእኛ አስተያየት ከዚያ ጠባሳ የበለጠ የዜግነት ማስረጃ አይገኝም፤ ዳሩ ግን ቆንስሎች ጠባሳ አይመዘግቡም።

ከዚያም ዓመታት በበርማና በአዲስ አበባ መካከል አለፉ። ወይዘሮ ቀፀላ ቱሉን አገቡ፤ በ1911 ዓ.ም. ገደማ የበርማውን ሥራ በጡረታ ትተው በአገራቸው ተቀመጡ።

ነገሩ የሚጠነክረው እዚህ ላይ ነው። በ1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር በተደረገው ውል መሠረት የውጭ አገር ሰው በኢትዮጵያ ምድር ቢከሰስ ነገሩ ለቆንስሉ ይቀርብ ነበር። የባዕድ ወረቀት ያኔ ጋሻ ነበር፤ ብዙ ሰውም በዚያ ጋሻ ተጠለለ። ሐኪም ወርቅነህ ግን የውጭ አገር ሰዎችና የኢትዮጵያውያን ክርክር በሚታይበት በልዩ ፍርድ ቤት በኢትዮጵያ ወገን ዳኛ ሆነው ተቀመጡ። የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትንም መሩ፤ በ1920 ዓ.ም. ስለ ጣና ግድብ ለመነጋገር ወደ አሜሪካ ተላኩ፤ ኋላም ጨርጨርን ገዙ።

በሐምሌ 1922 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት ሕግ የሌላ መንግሥት ዜግነት የያዘ ኢትዮጵያዊ የቀድሞውን እንደሚያጣ ደነገገ፤ ተመልሶ በአገሩ ለሚቀመጥና ለሚያመለክት ግን በሩን ክፍት ተወለት። በእርሱ ፈንታ የወጣው የ1996 ዓ.ም. አዋጅም ሁለት ዜግነትን አልፈቀደም። ይሁን እንጂ ሕጉ ከወጣ በአምስተኛው ዓመት፣ በ1927 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ መንግሥት በሎንዶን ሚኒስትሩ አድርጎ የላከው እኒህኑ ቻርልስ ማርቲን የተባሉትን ሰው ነው። ምናልባት የእንግሊዞችን ጠባይ ከእርሳቸው የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም ይሆናል።

በዚያው ዓመት በእንግሊዝ አገር ምህንድስና የተማሩት ሁለቱ ልጆቻቸው፣ ቢንያምና ዮሴፍ፣ ለመዋጋት ወደ ኢትዮጵያ መጡ። እዚያው በሰላም ለመኖር የሚከለክላቸው አልነበረም። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ጣልያኖች ሁለቱንም ገደሏቸው። አባታቸው ይህን የሰሙት በባዕድ አገር ሳሉ ነው።

ከነጻነት በኋላ ተመልሰው በ1945 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዐረፉ።